ቶቤ ወይስ ኩታኒ? በየቀኑ ለምንበላበት ጎድጓዳ ሳህን

በእጅ የተሳለ የጃፓን ፖርሴሊን መግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ኩታኒ ልግዛ ወይስ ቶቤ?» ብሎ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ ከሆነ ኩታኒ። ሩዝና ሾርባ በየቀኑ ሊበላበት ከሆነ ቶቤ፣ ያለ ምንም ማቅማማት።

ነገሩ ያለው ቀለሙ ከተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። በሺኮኩ ደሴት፣ በኤሂሜ ግዛት የሚሠራው ቶቤ በአብዛኛው በኮባልት ሰማያዊ ይሳላል። አንዴ ለስለስ ባለ እሳት የተተኮሰው ሳህን በብሩሽ ተስሎ መስታወታማ ሽፋን ይለብስና በ1,300 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። ሥዕሉ ከመስታወቱ ሥር ስለሚቀር ማንኪያም ሳሙናም አይነካውም። በኢሺካዋ ግዛት የሚሠራው ኩታኒ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ሌላው ቀለሙ የሚቀባው ሽፋኑ ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ በ800 ዲግሪ አካባቢ እንደገና እሳት ያየዋል። ከላይ የተቀመጠ ቀለም በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ኃይለኛ ሳሙና እየደበዘዘ ይሄዳል። ወርቅ ካለበት ደግሞ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይልና ወርቁ ይበላሻል።

ዋጋው ላይ እንምጣ። 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የቶቤ የሩዝ ሳህን ጃፓን ውስጥ ከ2,000 እስከ 4,000 የን ይገኛል። ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሳለ ኩታኒ 10,000 የን ቢባል አይገርምም። አራት ሰው ላለበት ቤት ቶቤ በ3,000 ሒሳብ 12,000፣ ኩታኒ 40,000 ይወጣል። በልዩነቱ ብቻ ዘጠኝ ተጨማሪ ቶቤ ተገዝቶ 1,000 የን ይተርፋል። ከዚህም የሚረክስ የሚፈልግ የናጋሳኪውን ሃሳሚ ይይ፤ ብዙው የታተመ ስለሆነ ግን አገላብጦ ነው መግዛት።

ማታለያው ያለውም እዚሁ ኅትመቱ ላይ ነው። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ታትሞ ሳህኑ ላይ ይለጠፍና ይተኮሳል። በማጉያ መነጽር ሲታይ እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከወጡ ኅትመት ነው። ነጠብጣብ አለመኖሩ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁለት ሳህን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእጅ የተሳለ መስመር ብሩሹ ሲያርፍ ይወፍራል፣ ሲነሳ ይቀጥናል፣ ቀለሙ በተጠራቀመበት ይጠቁራል፤ ሁለቱ ሳህኖች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ኩታኒ ላይ የባሰው ተንኮል መስመሩን አትሞ ውስጡን ብቻ በእጅ ቀብቶ «በእጅ የተሳለ» ብሎ መሸጥ ነው። ከሥሩ ያለው «ፉኩ» (መልካም ዕድል) የሚል ማኅተም ምንም አያረጋግጥም፤ እሱም ይታተማል። «የጃፓን ዘይቤ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ የተሠራበትን አገር ጠይቁ።

ቶቤ ወፍራም ነው፤ ከንፈሩም ብዙ ጊዜ ድቡልቡል ስለሆነ ቶሎ አይሸረፍም። ባልና ሚስት ተጣልተው ቢወራወሩበት አይሰበርም ይሉለታል። ሴራሚክ ወለል ላይ ከወደቀ ግን ይሰበራል፣ አትሞክሩት። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ እጁ ለደከመ አዛውንት አሪታ ከሚባለው ሌላ የጃፓን ፖርሴሊን ቀጠን ያለ ሳህን ይሻላል።

ቢሰበር ይጠገናል ብላችሁ ውድ ሳህን አትግዙ። ኪንትሱጊ፣ ማለትም ስባሪን አጣብቆ ስንጥቁን በወርቅ የማስጌጥ የጃፓን ጥገና፣ በእውነተኛው ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ሲሠራ፣ ሙጫው በሙቀትና በእርጥበት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ የእጅ ዋጋው በቀላሉ ከቶቤው ሳህን ዋጋ ይበልጣል። ከተጠገነ በኋላም ማይክሮዌቭና ማጠቢያ ማሽን አይገባም። በርካሽ የሚሸጠው የኪንትሱጊ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ኢፖክሲ የሚባል ሰው ሠራሽ ሙጫ ስለሆነ ምግብ የሚነካውን ክፍል አትጠግኑበት።

ስትገዙ በጥፍራችሁ መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ሽፋን የሌለው የእግሩ ቀለበት ሻካራ ከሆነ ጠረጴዛ ይቧጭራል። ቤት ስትደርሱ በ400 ቁጥር፣ ቀጥሎ በ1,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክራችሁ እሹት፤ በደረቁ ከሆነ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል።