ቸርችል ጎዳና ላይ የሚሸጠው የህንድ ክረምት ጥቅል፣ ለሁለት ሰው

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የጉዞ ወኪሎች አንዱ ለጥንዶች የሚሸጠው የሐምሌ ጥቅል ሙምባይ፣ ጎዋና ኮቺን ያዳርሳል። በረራውና ሆቴሉ ደህና ናቸው። ጣጣው ባቡሩ ላይ ነው።

ከሙምባይ ወደ ጎዋ የሚወርደው የኮንካን መስመር ናዳ ስለሚያሰጋው ባቡሮቹ ክረምት ላይ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ የሰዓት ሰሌዳውም የተለየ ነው። ጥቅሉ የተሰላው ግን በበጋው ሰዓት ነው። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ትኬቱን አሳዩን በሉ። «አርኤሲ» የሚል ካለበት ሙሉ አልጋ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሁለት ሰው አንዷን የጎን አልጋ ተቀምጦ ይካፈላል። (ፍቅር ይፈተናል።) «ደብሊውኤል» (ተጠባባቂ) ከሆነ የባሰ ነው፤ በኢንተርኔት የተቆረጠ ትኬት የመጨረሻው የተሳፋሪ ዝርዝር እስኪወጣ ቦታ ካላገኘ ራሱ ይሰረዛል።

የቢጫ ወባ ካርዱን ነገር ወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ነው የጻፉት፤ ከላይ መሆን ነበረበት። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ግዴታ ነው። የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሮጥ አይጠቅምም፤ ያለ ካርድ የደረሰን እስከ 6 ቀን ለይተው ያቆዩታል።

ብሮሹሩ ላይ ያለው ጎዋ ባሕር ውስጥ የመዋኘት ፎቶ የበጋ ነው፤ ሐምሌ ላይ ባሕሩ አደገኛ ነው፣ የባሕር ዳር ምግብ ቤቶቹም ለክረምቱ ተነቅለው ይነሳሉ። ኮቺ ግን በዝናብም ታምራለች። ከዝናብ መሸሽ የፈለገ በዚያው ወር ደረቅ የሆነችውን የሰሜን ህንድ ከተማ ሌህን ይጠይቅ። የቆዳ ጫማ አትያዙ፤ ይሻግታል።