ጅማ ውስጥ ያሰራሁት የጫካ ሣጥን

መርካቶ አካባቢ ወዳለ አንድ መስታወትና አልሙኒየም ቤት የገባሁት በእርሳስ የሳልኩትን ንድፍ ይዤ ነው። ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 45፣ ቁመቱ 60 ሳንቲሜትር። በሩ ከፊት የሚከፈት፣ ጣሪያው ወንፊት የሆነ የመስታወት ሣጥን። ባለሙያው ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና «ቲቸር፣ የዓሣ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ የጫካ ነው።»

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰሉ ሳስተምር ሁሌ የማነሳው ጌኮ ከሚባሉት እንሽላሊቶች አንዱን፣ የማዳጋስካሩን ባለቅጠል ጭራ ጌኮ ነው። ጭራው ቁርጥ የደረቀ ቅጠል። የአንዳንዱማ ጠርዙ ሳይቀር ትል እንደበላው ጎደል ጎደል ያለ ነው። ቀን ቀን አንዱ ዝርያ ግንድ ላይ ተለጥፎ፣ ሌላው ከደረቅ ቅጠል መሀል ተንጠልጥሎ ይተኛል። ሲመሽ ወጥቶ ነፍሳት ያድናል። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚያጸዳው በምላሱ ነው። እንስሳውን ራሱን ላመጣው አልፈልግም። አገሩ የማዳጋስካር ደን ነው፤ ዝርያዎቹም በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። እኔ የፈለግኩት ቤቱን መስራት ነው፤ ጌኮው ነገ የሚገባበት ያህል አድርጌ።

ወደ ሥራው ልምጣ። የጋሼ እጅ ወርቅ ነው። ባለ 5 ሚሊ ሜትሩን መስታወት በአልማዝ ሲቆርጡ ቆሜ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይስባሉ፣ ከስር በጣታቸው መታ ያደርጋሉ፣ በቃ። ጠርዙን በውሃ እየሞረዱ ስላለሰለሱት ተማሪ እጁን ቢያሳርፍበት አይቆርጠውም። በሩ ሲዘጋ ጉንዳን የሚያሳልፍ ክፍተት የለውም። ለሁሉም 6,500 ብር ከፈልኩ፤ አልቆጨኝም።

ቅር ያሰኘኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቀጠሮ። «ሐሙስ ና» ተብዬ የተረከብኩት በሳምንቱ ቅዳሜ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ንድፉ ላይ ወንፊት ብዬ የጻፍኩትን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ መስታወት አድርገው ጠበቁኝ። አቧራ እንዳይገባ አስበውልኝ ነው። ግን አየር ካልተዘዋወረ ውስጡ ይታፈናል፣ ሻጋታ ይወርሰዋል። ይህን ሳስረዳቸው አልተከራከሩኝም። እዚያው ግማሹን ቆርጠው ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ገጠሙበት፤ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁኝም። እናንተም ካሰራችሁ ጣሪያውን በቃል ጭምር አስረግጣችሁ ንገሩ። መስታወቱ የሚጣበቅበት ሲሊኮን ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት አለበት፤ እንስሳ ለሚኖርበት ሣጥን አይሆንም። ከተለጠፈም በኋላ ያ የኮምጣጤ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በሩን ከፍቶ ማቆየት ነው። እኔ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ።

ተክሉን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከስር ለብሎኬት መስሪያ የሚሆነውን ፑሚስ አራት ጣት ያህል አነጠፍኩ፤ የተረፈው ውሃ እዚያ ይወርዳል። በላዩ ያረጀ አጎበር፣ ቀጥሎ ከሰል የተቀላቀለበት የጫካ አፈር፣ ከሁሉም በላይ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል። የምኮራበት ግን ግንዱ ነው። አንድ ተማሪዬ አባቱ ቡና ሲጎነድሉ ከተረፈው መሀል አንድ አሮጌ ግንድ ተሸክሞ አመጣልኝ። ግንዱን የለበሰው ሳረንስት ከነሕይወቱ፣ ትንሽዬ የፈርን ተክል ጉያው ውስጥ በቅላበት። እንዲህ ያለውን ግንድ ገንዘብ አይገዛውም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ ወጣና ደነገጥኩ። እጄን አላስገባሁም። ከቅጠሉ ጋር የመጡ እንደ ነጥብ ያነሱ ነጫጭ ዘላይ ነፍሳት ነበሩ። እነሱ በልተው ጨረሱት።

ይህ ጌኮ ሙቀት አይወድም፤ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጎዳዋል። እርጥበት ግን ይወዳል፤ የሚጠጣውም ቅጠል ላይ ካለ ጠብታ እየላሰ ነው። የምኖረው ቆላ ቢሆን ማቀዝቀዣ ፍለጋ ልዞር ነበር። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ዝናቡም አይጠፋም። ማታ ማታ ከጣሪያ ባጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ እረጨዋለሁ፣ ጠዋት መስታወቱ ላብ አልብቶት ይጠብቀኛል። ለተክሎቹ ከአንድ ኤልኢዲ አምፖል ሌላ ምንም አልገጠምኩም። በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲበረታ ብቻ ጀርባውን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼን ትምህርት ቤት ጋበዝኳቸው። ተማሪዎቼ ከሸክላ ጭቃ ጌኮ ሰርተው፣ ለጭራው እውነተኛ ደረቅ ቅጠል ለጥፈው፣ ግንዱ ላይ ጭንቅላቱን ወደታች አድርገው አስቀምጠውታል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ረጅም ጊዜ ፈለጉ። በመጨረሻ በጣታቸው ያመለከቱት የዋንዛውን ቅጠል ነበር።