ሐሞክ ለማሰፋት፦ ፖሊስተር፣ ናይለን ወይስ «ፓራሹት» የተባለው ገበር?

ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ተነሥተው ወፍ ዋሻ ደን ለማደር የሚወጡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ በሁለት ዛፍ መካከል የሚዘረጋውን ተንጠልጣይ አልጋ፣ ማለትም ሐሞክ፣ ራሳችን ብናሰፋ የትኛውን ጨርቅ እንግዛ? መልሴን ላስቀድም፦ ጀርባው ያልተቀባ፣ በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 70 ግራም የሚመዝን የፖሊስተር ሪፕስቶፕ ይግዙ። ሪፕስቶፕ የሚባለው በድሩም በማጉም በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ጠንካራ ክር እየገባበት የሚሸመነው፣ ላዩ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የሚታዩበት ጨርቅ ነው። ናይለኑም ጥሩ ነው፤ ለእኛ አገር አየርና ለእኛ ኪስ ግን ሁለተኛ ነው። በየሱቁ «ፓራሹት» እየተባለ የሚሸጠው ስስ የጃኬት ገበር በነጻ ቢሰጥ እንኳ የልብስ ሰፊውን ሒሳብ አያወጣም።

ገበያ ስንወጣ የሚነገረን የሜትር ዋጋ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ግን ሐሞኩ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ስንት ይፈጃል የሚለው ነው። አንድ ዐዋቂ ሰው ሰያፍ ሆኖ ጀርባውን አቅንቶ እንዲተኛበት ርዝመቱ 3.30 ሜትር፣ ስፋቱ 1.50 ሜትር ግድም ሊሆን ይገባል፤ ለሁለቱ ጫፎች እጥፋት ሲታከልበት 3.50 ሜትር ይገዛል። ለስሌት ያህል አንዱ ነጋዴ ስፋቱ 1.50 የሆነውን በሜትር 300 ብር፣ ጎረቤቱ ደግሞ ስፋቱ 1.10 የሆነውን በሜትር 200 ብር ቢሉ፣ የመጀመሪያው በ1,050 ብር ያልቃል። ሁለተኛው ግን ስፋቱ ስለማይበቃ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን መቀጠል አለበትና 7 ሜትር፣ ማለትም 1,400 ብር ይበላል፤ በዚያ ላይ ገዢው መሐል ጀርባው ላይ የሚያርፍ ስፌት ይመረቅለታል። ስለዚህ ከዋጋ ክርክሩ በፊት ነጋዴው ስፋቱን በሜትር እንዲለካ ይጠይቁ። «ሰፊ ነው» የሚለው ቃል ልኬት አይደለም። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መርካቶ መግዛትም የሚያዋጣው የሜትሩ ዋጋ ልዩነት በ3.50 ተባዝቶ ከደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ከምሳ ሲበልጥ ብቻ ነው፤ ሦስት አራት ሰው ተባብሮ ጣቃውን እንዳለ ካልገዛ በቀር እምብዛም አይበልጥም።

ገንዘብ የሚቀልጠው ግን ከሁሉ በላይ በሐሰተኛው፣ ማለትም ሪፕስቶፕ መስሎ በሚሸጠው ጨርቅ ነው። አንድ ወዳጄ «ኦሪጅናል» ተብሎ የገዛው ጨርቅ ከሩቅ ሲያዩት አራት ማዕዘኖቹ የሚያምሩ ነበሩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ተኝቶበት ሲያድር ጨርቁ አልተቀደደም፤ ክሮቹ ናቸው ከቅምቀማው ሥር እየተንሸራተቱ የሸሹት። ጠዋት ፀሐይ ፊት ሲዘረጋ የስፌቱ ዳር እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፍ ነበር። የጨርቁ ዋጋ፣ የልብስ ሰፊው እጅ ዋጋና የማሰሪያው ገመድ አብረው ሄዱ፤ ሱቁም «ተቆርጦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለው።

ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ጥፍር ብቻ ነው። ከጣቃው ጫፍ ላይ ክሮቹን አንድ በአንድ መዝዞ ማየት ነው፤ በእውነተኛው ሪፕስቶፕ በየ5 ወይም በየ6 ሚሊ ሜትሩ ከሌሎቹ የሚወፍር፣ ወይም ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን የሚሄድ ክር ይወጣል። በሐሰተኛው ክሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚታየው መስመር ከላይ የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም። ቀጥሎ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣት መካከል ጠበቅ አድርጎ በድሩ በኩል፣ ከዚያም በማጉ በኩል መወጠር ነው፤ ክሮቹ ተራርቀው ቀዳዳ ከታየ ይተዉት። በመጨረሻም አፍ ላይ ለጥፎ እፍ ማለት ነው። ትንፋሽ ካላለፈ ጀርባው ተቀብቷል ማለት ነውና ለዝናብ መከለያ እንጂ ለመኝታ አይሆንም፤ የላባችን እንፋሎት መውጫ አጥቶ ሌሊቱን ያረጥበናል። ነጋዴዎች ውኃ አለማስገባቱን እንደ ብልጫ ቆጥረው ዋጋ ሲጨምሩበት ሰምቻለሁ፤ ለእኛ ጉዳይ ዋጋ የሚያስቀንስ ነውር ነው።

ናይለንና ፖሊስተር በዓይን አይለዩም፤ በክብሪት ግን ይለያሉ። ነጋዴው ትንሽ ቁራጭ ከሰጠ ከሱቁ ውጭ በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል ነው፤ ፖሊስተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ቀልጦ ጠንካራና ጥቁር ጠብታ ይሆናል፤ የናይለኑ ጭስ ነጣ ያለ፣ ጠብታውም ፈካ ያለ ነው። ናይለን በእኩል ክብደት ከፖሊስተር ይጠነክራል፣ ለገላም ይለሰልሳል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 4 በመቶ ያህል እርጥበት ይጠጣል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ናይለን ሲረጥብ ደግሞ ይለጠጣል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ማታ በወንበር ቁመት የተሰቀለ ናይለን ንጋት ላይ ረግቦ ሣሩን ሊነካ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይም ናይለንን ቀድማ ታደክመዋለች፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የቀኑ ጨረር ብርቱ ነው፤ ሐሞኩን ቀን ተሰቅሎ የሚተው ሰው ይህን በዋጋው ውስጥ ማስገባት አለበት።

እጅግ የቀለለውን ናይለን በውድ የሚያስመጡም አሉ። በካሬ ሜትር 40 ግራም ከሆነው ጨርቅ የተሰፋ ሐሞክ 200 ግራም ግድም፣ 65 ግራም ከሆነው የተሰፋው 320 ግራም ግድም ይመዝናል። ልዩነቱ 120 ግራም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ግን የትኛውም ስስ ጨርቅ ከሥር የሚነፍሰውን ነፋስ አያግድም፤ ከጀርባ በታች ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ የግድ ነው። የመንዝ ባና ጠቅልሎ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው 120 ግራም ለማትረፍ እጥፍ ዋጋ መክፈል ምን እንደሚጠቅመው አይገባኝም። ስለ መንዝ ካነሣን፣ ጓሳ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሐሞኩን ትቶ ድንኳን ይያዝ፤ አገሩ ሣርና አስታ እንጂ ሰው የሚሸከም ዛፍ የለበትም።

አቡጀዲስ ለሚሉኝ፦ ርካሽና ምቹ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። ለጓሮ ይሁን።

ጥሩ ጨርቅ ተገዝቶ በስፌት ሲበላሽም አይቻለሁ። ጂንስና ከባድ ልብስ ሲሰፉ የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸው ላይ ያለው 16 ቁጥር መርፌ ነው፤ እሱ በስስ ጨርቅ ላይ የሚተወው ቀዳዳ በሰው ክብደት ሲወጠር እየሰፋ ይሄዳል። መርፌው 11 ቁጥር አዲስ፣ ክሩ የጥጥ ሳይሆን የፖሊስተር፣ ርቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ግድም እንዲሆን መጠየቅ ነው። መርፌውን ራስ ገዝቶ መሄድ ይሻላል፤ ከጨርቁ አንጻር ዋጋው ከቁጥር አይገባም። ልብስ ሰፊው ቢያጉረመርም ይታገሡት፤ ክሩ ሲጎነጎን ግን ተመልሶ 16 እንዳያስገባ አጠገቡ ይቀመጡ።

ጥገናን በተመለከተ፣ ዳር ላይ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ይጣፋል። ሰውነት የሚያርፍበት መሐል ላይ ከተቀደደ ግን ጥፍ አይታመንም፤ ያ ጨርቅ ከዚያ ወዲያ የዕቃ ከረጢት ነው። ዕድሜውን የሚያሳጥረው አሰቃቀሉም ነው። ማሰሪያው ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ወርዶ ሲታሰር 70 ኪሎ ሰው በየጫፉ 70 ኪሎ ይስባል፤ ተወጥሮ በ10 ዲግሪ ከታሰረ ግን በየጫፉ ወደ 200 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህን ስስ ጨርቅም ሆነ ለግላጋ ባሕር ዛፍ አይችለውም። በወፍ ዋሻ ጽድና ዝግባ ላይ ለማሰር ደግሞ ቀጭን ገመድ ልጡን ስለሚቆርጥ ጠፍጣፋው የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ይሁን፤ ዋጋውም በሜትር ስለሚነገር አስቀድመው ይደምሩት።