የኢንቴል ፋብ 52 ሲመዘን፦ ይሸጥ ወይስ ይጋራ?

አሪዞና፣ ቻንድለር ያለውን የአሜሪካው ቺፕ አምራች የኢንቴል ፋብ 52 (ፋብ ማለት የቺፕ ፋብሪካ ነው) ሁለት ዓይነት ሰው ያየዋል፦ ቺፕ ሊያስመርትበት የሚያስብና ፋብሪካውን ራሱን ሊገዛ የሚመኝ። የሁለቱም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከአንድ ዋፈር ስንት ጤነኛ ቺፕ ይወጣል?

ዋፈሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ የሲሊከን ዝርግ ነው፤ የአንድ እንጀራ ስፋት ግማሽ ያህል። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቺፕ ሲሰፍርበት፣ ጠርዝ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ 640 ያህል ይይዛል። ኢንቴል በመስከረም 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የ18ኤ መስመሩ (በፋብ 52 የሚሠራበት አዲሱ የቺፕ አመራረት ስልት) እንከን በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.40 በታች መውረዱን ተናግሮ ነበር። በ0.40 ሲሰላ ከ640ው 430 ያህሉ ደህና ይወጣል፤ ለላፕቶፕ ያስኬዳል። ቺፑ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ዋፈሩ 90 ብቻ ይይዛል፣ ከዚያም የሚተርፈው 8 ነው። እንከኑ ወደ 0.10 ቢወርድ 50 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ኢንቴል መስመሩን በራሱ የላፕቶፕ ቺፕ፣ በፓንተር ሌክ፣ መጀመሩ ብልህነት ነው። ትልቅ የኤአይ ቺፕ ይዞ ዛሬ ወረፋ የሚይዝ ደንበኛ ግን ይህን ስሌት ሳይሠራ ባይሄድ ይሻለዋል።

18ኤ ሁለት ነገር በአንዴ ቀይሯል። አንደኛው ሪበንፌት የተባለው አዲስ ትራንዚስተር (በቺፑ ውስጥ ያለው ረቂቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። ሁለተኛው ፓወርቪያ ነው፤ የኃይል ሽቦውን ከፊት አንሥቶ ወደ ዋፈሩ ጀርባ ይወስደዋል። ፊት ላይ ለምልክት ሽቦዎች ቦታ ይለቃል፣ የቮልቴጅ ብክነትም ይቀንሳል። ግን ጀርባው እንዲሠራ ዋፈሩ ከሌላ ዋፈር ጋር ተጣብቆ፣ ተገልብጦ፣ እጅግ እስኪሳሳ መፋቅ አለበት፤ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድም ይለወጣል። ለዚህ የተነደፈ ቺፕ እንዳለ ለሌሎች ቺፕ ወደሚያመርተው ወደ ታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ሊዛወር አይችልም፤ ንድፉ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ይሠራል። አዲስ ባለቤት መጥቶ መስመሩን ቢዘጋ የደንበኛው ድካም መና ይቀራል ማለት ነው። ኢንቴል ራሱ በሐምሌ 2025 ባወጣው የሩብ ዓመት ሰነድ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ፣ ለ14ኤ፣ ትልቅ የውጭ ደንበኛ ካልተገኘ ሥራውን ሊያቆም እንደሚችል ጽፏል። ግልጽነቱ ያስመሰግናል፤ ደንበኛ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የባሰ ማስታወቂያ የለም።

ፋውንድሪው፣ ማለትም የኢንቴል የቺፕ ማምረቻ ክፍል፣ በ2024 ብቻ ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል፤ «ሽጡት» የሚለው ድምፅ የበዛው በዚህ ነው። የሸጡት ምን ገጠማቸው? አይ.ቢ.ኤም. በ2014 ፋብሪካዎቹን ለሌሎች ቺፕ ለሚያመርተው ለግሎባልፋውንድሪስ ለማስረከብ ሲዋዋል ገንዘብ አልተቀበለም፤ እንዲያውም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለገዢው ለመክፈል ተስማማ። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤ.ኤም.ዲ. ፋብሪካዎቹን በ2009 በአቡ ዳቢ ገንዘብ ነጥሎ (ግሎባልፋውንድሪስ የተወለደው በዚህ ነው) ዕዳው ቀለለለት፤ ግን የዋፈር ግዥ ውሉ እጁን አስሮት በ2012 መጨረሻ ከውሉ ውስጥ የተወሰነውን ለመቀነስ 320 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2018 ደግሞ ግሎባልፋውንድሪስ ያኔ አዲስ ትውልድ የነበረውን የ7 ናኖ ሜትር ሥራውን አቋረጠ። ሻጩ ተረፈ፣ ፋብሪካው ከውድድሩ ወጣ። ኤ.ኤም.ዲ. ያኔ የሚሄድበት ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ነበረው። ኢንቴል ፋብ 52ን ቢሸጥ የሚሄደውም እዚያው ነው፤ ያኔ ከኤ.ኤም.ዲ. በምን ይለያል?

ደግሞም ሽያጩ ነፃ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 2025 የኩባንያውን 10 ከመቶ ገደማ አንዱን አክሲዮን በ20.47 ዶላር ሂሳብ ሲይዝ አንድ መያዣ አስገብቷል፦ ኢንቴል በፋውንድሪው ያለው ድርሻ ከ51 ከመቶ ካነሰ፣ መንግሥት ሌላ 5 ከመቶ በ20 ዶላር መግዛት ይችላል።

መጋራቱስ? ፋብ 52 እኮ ድሮውኑ ተጋርቷል። በ2022 ብሩክፊልድ የአሪዞናውን ግንባታ ወጪ 49 ከመቶ ለመሸፈን ገብቷል፤ በ2024 ደግሞ አፖሎ ከአየርላንዱ ፋብ 34 ጋር በተያያዘው ሽርክና 49 ከመቶ በ11 ቢሊዮን ዶላር ወስዷል። እነዚህ ገንዘብ አምጪዎች ናቸው፤ አንድ ዋፈር አያዙም፣ ከትርፉ ግን ይካፈላሉ። መስመሩ ባዶ ቢሆንም ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ኤንቪዲያም በመስከረም 2025 የ5 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን ለመግዛት ሲስማማ ቺፖቹን በ18ኤ ለማስመረት ቃል አልገባም።

የተሻለው ዓይነት መጋራት በጥር 2024 ከታይዋኑ ዩ.ኤም.ሲ. ጋር የተፈረመው ነው። በዚያው በአሪዞና ባሉት በቆዩት ፋብ 12፣ 22 እና 32 የ12 ናኖ ሜትር ቺፕ ለማምረት ታስቧል፤ ዩ.ኤም.ሲ. ደንበኞቹንና የውጭ ሰው ንድፍ የማስተናገድ ልምዱን ያመጣል፣ ኢንቴል መሣሪያውን ያቀርባል። ኢንቴል የጎደለውም ይኸው ልምድ ነው፤ ለዓመታት ለራሱ ብቻ ሲያመርት በራሱ ሶፍትዌር ነበር የሚነድፈው፣ ሌላው ዓለም የለመደው ግን የሲኖፕሲስንና የኬደንስን ነው። ስለዚህ ፋብ 52 አይሸጥ፤ ይጋራ፣ ግን የራሱ ቺፕ ላለው። ድርሻ የሚገዛ ሁሉ በዓመት ይህን ያህል ዋፈር አዛለሁ ብሎ ይፈርም፣ ቅድሚያም ይክፈል።

በደንበኝነት ለሚመጣ ደግሞ ቀላሉ በር የማሸጊያው ክፍል ነው። ኒው ሜክሲኮ፣ ሪዮ ራንቾ ያለው ፋብ 9 በሌላ ፋብሪካ የተመረቱ ቺፖችን አገጣጥሞ ማሸግ ስለሚችል፣ 18ኤን ሳይነኩ የኢንቴልን የቀጠሮ አክባሪነት መፈተን ይቻላል። ከዚያ ወደ 18ኤ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ክፍያው በዋፈር ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ በወጣ ቺፕ ቁጥር እንዲሆን ይጠይቅ። ባለቤትነቱ ቢቀየር መስመሩ ስንት ዓመት ሳይዘጋ እንደሚቆይም በውሉ ላይ በቁጥር ያስጽፍ።