የናፍጣ ሞተር ጣና ላይ፦ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ በኋላ

ጀልባችን ከባሕር ዳር ዘጌ፣ አንዳንዴም እስከ ደቅ ደሴት ሰውና ዕቃ ታመላልሳለች። ድሮ ከኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር ነበራት። እሱን አንስተን ሆዷ ውስጥ የሚቀመጥ የጃፓን ናፍጣ ሞተር ገጠምንላት፤ ባለ 3 ሲሊንደር፣ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ። አሁን አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ሠርቶልናል። ሞተሩን ወድጄዋለሁ። ነዳጅ አይበላም፣ ጠዋት ሳያስቸግር ይነሳል፣ ድምፁም መንገደኛ እያወራ የሚሄድበት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ አልቆይም። የምጽፈው ስለ ሙቀቱ ነው። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ሞተር የሚሞተው በሙቀት ነው፤ አብሮት የመጣው አላርም ደግሞ ብቻውን አያድነውም።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሁለት ውሃ ነው። አንዱ እንደ መኪና ታሽጎ ውስጥ ለውስጥ የሚዞር ኩላንት ነው። ሌላው የሐይቁ ውሃ ነው። የሐይቁ ውሃ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ይገባል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ የጎማ ክንፍ ያለው ፓምፕ ይገፋዋል። ሂት ኤክስቼንጀር ውስጥ የኩላንቱን ሙቀት ተቀብሎ ከጭሱ ጋር ከኋላ ይወጣል። አላርሙ የሚያዳምጠው ግን ኩላንቱን ብቻ ነው። የሐይቁ ውሃ ቢቋረጥ ኩላንቱ እስኪግል ድረስ ምንም አይሰማም። እስከዚያ ፓምፑ በደረቁ ይሽከረከራል፣ የጎማ ክንፉ ይበጣጠሳል፣ የጭሱ ጎማ ቱቦም መቃጠል ይጀምራል። ኩላንቱ ፈስሶ ካለቀ ደግሞ የባሰ ነው። ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና ሞተሩ እየነደደ አላርሙ ዝም ሊል ይችላል።

ለዚህ ነው ረዳቱ በየጊዜው ዞር ብሎ የጭሱን መውጫ እንዲያይ የማደርገው። ውሃው እየተተፋ ከሆነ ደህና ነው። ከቀጠነ ወይም ነጭ እንፋሎት ብቻ ከሆነ፣ አላርሙ ባይጮህም ጋዙ ይቀነሳል።

ጣና ላይ ውሃውን ማን ያቋርጠዋል? አብዛኛውን ጊዜ እንቦጭ። ይህ አረም ሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነፋስ ወደመራው ዳርቻ ይሄዳል። ቅጠሉ ችግር የለውም፣ ከላይ ይታያል። አስቸጋሪው ሥሩ ነው። የማጣሪያውን ክዳን ስትከፍቱ ጥቁር ሐምራዊ፣ እንደ ላባ የተንዠረገገ ፀጉር ታገኛላችሁ። በእጅ ሲጨመቅ ጭቃ ይወጣዋል። በወንፊቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቀር ማራገፍ አይበቃውም፤ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚለቀው። እኛ ማጣሪያውን በየጠዋቱ እናያለን። እንቦጭ ሰንጥቀን ያለፍን ቀን ደግሞ እዚያው ቆመን እንከፍተዋለን።

ሁለተኛው ደለል ነው። በክረምት ግልገል ዓባይና ጉማራ ቀይ ውሃ ሲያመጡ ወንፊቱ አያስቀረውም። ደለሉ የፓምፑን ጎማ ይበላል፤ ሂት ኤክስቼንጀሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይተኛል። ክረምቱ ሲወጣ ፓምፑን ፈትተን ከክንፎቹ አንዱ ከሥሩ ተቆርጦ አገኘነው። የተቆረጠ ጎማ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። ተከትለን ስንፈልግ ሂት ኤክስቼንጀሩ አፍ ላይ ግማሹን መግቢያ ዘግቶ ተቀምጧል። አዲስ ጎማ ብቻ ገጥመን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ መሞቁን አይተውም ነበር። ክንፍ ከጎደለ ቁራጩን ሳታገኙ አትዝጉ።

አሁን ወደ አላርሙ ልመለስ። ቁልፍ ሲከፈት የሚሰማው ጩኸት የሞተር ዘይት ግፊት አላርም ነው፤ የሙቀቱ ሴንሰር ደህና መሆኑን አይነግራችሁም። እንደኛው ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ቁልፉን ከፍታችሁ ሽቦውን ከሴንሰሩ ንቀሉና ከሞተሩ ብረት ጋር አነካኩት። ከጮኸ ሽቦውና ጩኸቱ ደህና ናቸው። ቀጥሎ የሚፈተሸው ሴንሰሩ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታችን ይገባል። መካኒካችን ጎበዝ ልጅ ነው። ሴንሰሩን ፈትቶ ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ ከተተው፣ በቴስተር ለካው፤ ምንም የለም። «ጋሼ፣ ይሄ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሴንሰራችን ደግሞ የሚነቃው ከ95 በላይ ነው። ድስቱ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ እዚያ አይደርስም። በምትኩ ጫፉን ዘይት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አስገብተን ቀስ እያልን አሞቅነው፤ በሰዓቱ ነቃ። ይህን ስታደርጉ ሴንሰሩ በደንብ ይድረቅ፣ ውሃ ከነካው የጋለ ዘይት ይረጫል። ቴርሞስታቱ (ኩላንቱ ሲሞቅ የሚከፈተው በር) ግን ከ80 በታች ስለሚከፈት በድስት ውሃ ይፈተሻል።

የከፍታው ነገር በዚህ አያበቃም። የኩላንቱ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ተጽፏል፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ክዳኑ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀና ግፊት ካልያዘ ግን ንጹሕ ውሃ የሞላ ሞተር እዚህ አላርሙ ሳይነቃ ሊያፈላ ይችላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሰው ክዳኑ ትንሽ ነገር ነው። ለኛ ትልቅ ነው። ስለዚህ ክዳኑን ርካሽ ብላችሁ አትናቁት፣ በውሃ ፋንታም ትክክለኛ ኩላንት ሙሉበት።

ፕሮፔለሩም እንደዚያው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል። ሞተሩ የተጻፈለትን ዙር አይደርስም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጋዝ ሙሉ ሲሰጠው የሙቀት መለኪያው ጌጅ ቀስ እያለ ይወጣል። እኛ ፒቹ (የክንፎቹ ጥምዝ) አነስ ያለ ፕሮፔለር ስንቀይርለት ጭሱም ሙቀቱም ወረደ። ጌጅ በሌለው ፓነል ይህን ማየት አይቻልም፤ የኛ ፓነልም መብራት ብቻ ስለነበረው ጌጅ ለብቻ ገዝተን አስገጥመናል። ጌጁ በድንገት ከወጣ የሐይቁን ውሃ ፈትሹ። ጭነት ሲበዛ ብቻ ቀስ ብሎ ከወጣ ደለል ወይም ፕሮፔለር ነው።

መሀል ሐይቅ ላይ አላርሙ ከጮኸ ጋዙን ዝቅ አድርጉ፣ ማርሹን አውጡ፣ የጭሱን መውጫ እዩ። ውሃ ካለ በዝግታ እየሠራ ይቀዝቅዝ። ከሌለ ወዲያው አጥፉ። ክዳኑን በግለቱ በፍጹም አትክፈቱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ መልሕቅ ጣሉ። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ረዘም ያለ ገመድ ከያዛችሁ የትም ይቆማል።

ሞተሩን ለሌላ ሰው እመክራለሁ ወይ? አዎ፣ በየጠዋቱ ማጣሪያ ለሚከፍት ሰው። መመሪያው ብዙ የሚያስጠነቅቅበት የጨው ዝገት ጣና ላይ የለም፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። መለዋወጫው ግን ያስቸግራል። የፓምፑን ጎማ ባሕር ዳር ጠይቄ አላገኘሁም፤ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ሞተሩን ስትገዙ ሁለት ጎማ፣ አንድ ክዳን፣ አንድ ቴርሞስታትና ቺንጋ አብራችሁ ግዙ፤ ጎማው ፀሐይ እንዳያገኘው አድርጋችሁ ጀልባዋ ላይ አስቀምጡት።