ከኋላ ሾክ ለሌለው የተራራ ብስክሌት የሚሆን የኋላ ጎማ፦ ከመስከረም እስከ ሐምሌ የተነዳበት

ከመስከረም ጀምሮ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ መንገዶች የነዳሁበት የኋላ ጎማ በጎኑ ላይ «57-622» የሚል ቁጥር ታትሞበታል። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ሲነፋ የሚኖረውን ስፋት፣ ሁለተኛው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ዲያሜትር በሚሊሜትር ያመለክታል፤ በገበያ «29 በ2.25» የሚባለውም ይኸው ነው። ከምርቱ ስም ይልቅ ቁጥሩን ያስቀደምሁት፣ የአንድ ፋብሪካ ጎማ ሁልጊዜ በሱቅ ስለማይገኝና ቁጥሩን አውቆ የሚሄድ ሰው ካገኘው መካከል ተስማሚውን መምረጥ ስለሚችል ነው።

ብስክሌቴ ሾክ ያለው ከፊት ብቻ ነው። ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው አብዛኛው ክብደቱ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፤ ድንጋይ ሲመታም ከኋላ ምቱን የሚያበርድ ሾክ ስለሌለ ጫናው ሁሉ በጎማው አየርና በጎኑ ላይ ይወድቃል። ብዙ ገዢ ግን ጥርሱ የገዘፈውን አይቶ ይወስዳል። በእኔ እምነት ለኋላ ጎማ ከጥርስ በፊት መታየት ያለበት የጎኑ ጥንካሬ ነው።

ቀድሞ የነበረኝ ጎማ ቀላልና ስስ ስለነበር በአስፋልት ላይ ደስ ይል ነበር፤ ከአንኮበር ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ግን አንድ ጥቁር ድንጋይ ጎኑን እንደ ምላጭ ሸረከተው። የአሁኑ ከላስቲኩ ሥር ያለው ጨርቅ በኢንች 60 ክር ያለው ሲሆን፣ 120 ክር ካላቸው ቀለል ያሉ ጎማዎች ይልቅ ክሩ ወፈር ያለ ነው፤ በጎኑም ተጨማሪ ሽፋን ተደርጎበታል። ሰሞኑን አጥቤ በጣቴ እየዳሰስሁ ስመረምረው ጭረቱ ብዙ ቢሆንም እስከ ክሩ የዘለቀ አንድም አላገኘሁበትም።

የምነዳው በካላማዳሪያ ስለሆነ ንፋሱን ከኋላ 30፣ ከፊት 26 ፒኤስአይ አደርገዋለሁ። ንፋሱ ሲያንስ ድንጋይ ጎማውን እስከ ቸርኬው ተጭኖ ካላማዳሪያውን ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ጎማው በጠጠር ዳገት ላይ መሬቱን መያዝ ትቶ ይነጥራል፣ ወገብም ይጎዳል። በመኪና ኮምፕሬሰር ሲሞላ መጠኑ በቅጽበት ስለሚያልፍ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ መግዛት በጣም ይጠቅማል።

የመሐል ጥርሶቹ አጭርና የተቀራረቡ በመሆናቸው በአስፋልት ላይ ብዙ ድካም የለውም፤ ረዘም ያሉት የዳር ጥርሶችም በጠጠር ኩርባ ላይ ይዘው ያቆያሉ። ድክመቱ ክረምት ሲገባ ታየ። የመረሬ ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከዚያም በጎማውና በፍሬሙ መካከል ተጠቅጥቆ እስኪቆም ድረስ ያንቀዋል፣ በእንጨት እየጫሩ ከማውጣት በቀር መላ የለውም። እርግጥ ነው፣ በዚህ ጭቃ ውስጥ ጥርሱ የገዘፈውም ቢሆን ብዙ አይራመድም። ሰፋ ያለ ጎማ የሚመኝ ሰው በሁለቱም ጎን ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት መትረፉን አስቀድሞ ይለካ፤ በጭቃ ለሚነዳ ይህም አይበቃም።

የፔዳሉ ኃይል በኋላ ጎማ በኩል ስለሚያልፍ የመሐል ጥርሶቹ ጠርዝ ከፊተኛው ቀድሞ ተሞርዷል፤ የከተማው ኮብልስቶንም አግዞታል። ይህ ሲያልቅ ጎኑ እንደዚሁ የጠነከረውን የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛውሬ አዲሱን ከፊት አደርጋለሁ፤ የኋላ ጎማ ቢንሸራተት ሚዛንን መመለስ ይቻላልና፣ የፊቱ ሲያመልጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ መውደቅ ነው።