ለውድ መድኃኒት ሁለት መንገድ፦ የግዴታ ፈቃድ እና ስምምነት

የግዴታ ፈቃድ ማለት መንግሥት ያለ ባለፓተንቱ (መድኃኒቱን በብቸኝነት የማምረትና የመሸጥ ሕጋዊ መብት ያለው ኩባንያ) ይሁንታ ሌላ ፋብሪካ መድኃኒቱን እንዲያመርት መፍቀዱ ነው። ህንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን አድርጋ፣ ለወር ከ280,000 ሩፒ በላይ ይሸጥ የነበረው ሶራፌኒብ የተባለ የካንሰር መድኃኒት ተመሳሳዩ ከ9,000 ሩፒ ባነሰ ዋጋ ቀረበ። የሰው ነፍስ ነውና ልዩነቱ ያስደነግጣል! ሆኖም ህንድ የራሷ ፋብሪካዎች ነበሯት፤ ፋብሪካ የሌላት አገር ፈቃዱን ብትሰጥም ከውጭ ማስመጣቷ አይቀርም።

በስምምነት ግን ኩባንያው ራሱ ለሌሎች አምራቾች ፈቃድ ይሰጣል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በ2014 እ.ኤ.አ. በተደረገ እንዲህ ያለ ስምምነት ለብዙ የአፍሪካ አገሮች በርካሽ ደርሷል። ችግሩ፣ የትኛው አገር እንደሚካተት የሚወስነው በአብዛኛው ኩባንያው መሆኑ ነው።

እኔ በስምምነት መጀመርን እመርጣለሁ፤ ኩባንያው እምቢ ካለ ግን መንግሥት ታካሚዎቹን ለዓመታት ሊያስጠብቅ አይገባም።